ሳይጠይቁ መጉረስ

ሰው ወደ ራሱ የሚያስገባው ነገር በሁለት በር ይገባል። አንደኛው በር አፉ ነው፤ ሁለተኛው በር አሳቡ ነው። በአፍ የገባው ሥጋና ደም ይሆናል፤ በአሳብ የገባው ደግሞ ጠባይና ልማድ ይሆናል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሚባለው በሁለቱም በሮች ላይ ዘበኛ ያቆመ ነው። የዛሬው ወጣት ሠራተኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጎ ከፍቶ ዘበኛውን አሰናብቶታል። ይህን የምለው ለስድብ አይደለም። 38 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና፣ በየመንገዱ የማገኛቸውን የቀድሞ ተማሪዎቼን ስመለከት ዝም ማለት ስለ ከበደኝ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሥራ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ከበዛበት ሰፈር ወደ አንዱ ምግብ ቤት ግቡና ተመልከቱ። አራት ወጣቶች አንድ ትሪ ለመክበብ ተቀምጠዋል። አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ስትል፣ ከአራቱ አንዱ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «እንደ ተለመደው» ይላል። ምግቡ ይቀርባል። ስልኩም ከትሪው አጠገብ፣ ልክ እንደ አምስተኛ እንግዳ፣ ቦታ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ጥቂት ሳይቆይ ይበራል። ቀኝ እጅ ወጡን እያጠቀሰ፣ ግራ እጅ የአለቃን ደብዳቤ ይከፍታል። ቀኝ እጅ ልማድ ስላለው መንገዱን አይስትም፤ ጉርሻው አፍ ይደርሳል፤ ጌታው ግን የጎረሰውን አላየም። ምሳው ካለቀ በኋላ «ምን በላህ?» ብትሉት «በያይነቱ» ይላችኋል። ምን ምን እንደ ነበረበት ግን አያውቅም። «ደብዳቤውስ ምን ይላል?» ብትሉት «ለነገ ጠዋት የሚደርስ ነገር ነው» ይላችኋል። እንግዲህ ያ ሰው ምሳውንም አልበላ፣ ሥራውንም አልሠራ።

ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይነቅፋሉ። ሐኪሙ ስለ ምግቡ ይቈጣል፤ የቤት እመቤቷ ስለ ስልኩ ትቈጣለች። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጥፋት ናቸው እላለሁ። የጥፋቱም ስም ሳይጠይቁ መጉረስ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ምግቡ እናገራለሁ።

የአገራችንን ምግብ ለመንቀፍ የተነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ይረጋጋ። ጤፍ ብረትና አሰር ያለበት እህል ነው። እርሾው ሊጡን ሲያቦካው፣ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለውን ነገር ይቀንሰዋል፤ ስለዚህም ሰውነታችን ከቦካው እንጀራ የተሻለ ብረት ያገኛል። እህል የሚጎድለው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በሽንብራ፣ በአተር፣ በምስርና በባቄላ ሞልቶ ይገኛል። ሽሮ በእንጀራ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ያወቁት በላቦራቶሪ አይደለም፤ ልጅ ሲያሳድጉ አይተው ነው። በዚህ ሁሉ ልንኮራ ይገባናል።

ይሁን እንጂ በምግብ ቤት የሚቀርበው ሽሮ የእናትህ ሽሮ አይደለም። እናትህ የምታበስለው አንተ እንድታድግ ነው፤ ምግብ ቤቱ የሚያበስለው ግን አንተ ነገ ተመልሰህ እንድትመጣ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ ንግድ ነው። ነገር ግን ደንበኛን ፈጥነው የሚመልሱት ቅመሞች ዘይት፣ ጨውና ስኳር መሆናቸውን ማወቅ የተመጋቢው ፈንታ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ከአንድ ግራም ስብ ወይም ዘይት ሰውነት 9 ኪሎ ካሎሪ ኀይል ያገኛል፤ ከአንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ከአንድ ግራም ስታርች ግን 4 ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይኸውም ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። እንግዲህ በትሪህ ላይ አምስት ዓይነት የጾም ወጥ ቢኖርና፣ ለአንተ በደረሰው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢኖር፣ እንጀራው ሳይቈጠር ከዘይቱ ብቻ 600 ኪሎ ካሎሪ ጐረስክ ማለት ነው። በታሸጉ ምግቦች ላይ የዕለት መለኪያ ተብሎ የሚጻፈው 2000 ኪሎ ካሎሪ ነው። «ጾም ስለ ሆነ ቀላል ነገር በላሁ» እያለ የሚጽናና ሰው እንዲህ ያለውን ሂሳብ ሠርቶ አያውቅም። ጾሙ ቅቤውን አስቀርቷል፤ ዘይቱን ግን አላስቀረም።

ዘይቱስ ምን ዓይነት ነው? የሚረጋው የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። ከሱፍ የሚጨመቀው ፈሳሽ ዘይት ግን ይህ ዓይነቱ ስብ በብዙ ያነሰበት ነው። ድንች ሲጠበስበት የዋለና ደጋግሞ የፈላ ዘይት ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ነው፤ በፈላ ቍጥር ይበላሻልና። ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «በምን ዘይት ነው የምትሠሩት?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን ስንት ነው? ያው ደንበኛ ጫማ ሲገዛ ሶሉን አጥፎ፣ ስፌቱን ቈጥሮ፣ ሁለት ሱቅ ዞሮ ነው። ለእግሩ የሚጠነቀቀውን ያህል ለሆዱ አልተጠነቀቀም።

ስለ ጨውም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በወጡ ጨው አለ፤ በዳቦው ጨው አለ፤ በሚጥሚጣው ጨው አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይቀምሱ ጨው የሚነሰንሱ ሰዎችን በየጠረጴዛው አያለሁ። ሳይቀምሱ መነስነስ ሳይጠይቁ የመጉረስ ታናሽ ወንድም ነው። የደም ግፊት ሳያስታውቅ የሚገባ በሽታ ስለ ሆነ፣ የሃያ አምስት ዓመቱ ጐበዝ ዋጋውን የሚከፍለው በሃምሳ ዓመቱ ነው።

ከምግቡ ጋር የሚታዘዘው ለስላሳ መጠጥም ከዚህ አይለይም። በተለመደው የ300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ይኸውም ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ስምንት ማንኪያ ስኳር በሻዩ ውስጥ የሚጨምር ሰው ብናይ አብዷል እንላለን፤ በጠርሙስ ሲመጣ ግን ብርድ ያለው እንዲሆንልን ብቻ እናዛለን። ይኸው የጤና ድርጅት እንደዚህ ያለው ስኳር ከዕለቱ ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለ2000 ኪሎ ካሎሪ 50 ግራም ማለት ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አንዲቷ ጠርሙስ ብቻዋን ይህን የተሻለውን ልክ ታልፋለች።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይልቁንም ለወጣት ሴቶች። ምግቡ ከአፍ ሳይወርድ የሚጠጣው ሻይና ቡና በውስጡ ባለው ነገር ምክንያት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ያስቀራል። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን በቫይታሚን ሲ አማካይነት ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳሉ። እንግዲህ ሰላጣውን አስቀርቶ ሻዩን ማስቸኰል በራስ ላይ መፍረድ ነው። ሻዩ አንድ ሰዓት ያህል ቢቈይ ምን ይጐድላል? ሰላጣውና ሎሚው ደግሞ ዋጋቸው ከማኪያቶው አይበልጥም። ስለ ጥሬ ሥጋም ባጭሩ፦ የኮሶ ትል በጥሬ የበሬ ሥጋ እንደሚመጣ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ግን ይህ ጣጣ የለበትም።

«የባህል ምግብ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚሉ የምግብ ቤት ባለቤቶች አሉ። ይህ ክርክር ሰነፍ ክርክር ነው። አያቶቻችን ክትፎ ይበሉ የነበረው በመስቀልና በሠርግ ነው፤ ከዚያም በኋላ ማሳ ያርሱ፣ ተራራ ይወጡ ነበር። የበዓል ምግብ በየቀኑ ሲበላ፣ በላዩም ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ በዓልነቱ ቀርቶ በሽታ ይሆናል። ባህሉ ምግቡ ብቻ አልነበረም፤ ልኩና ወራቱ ጭምር ነበር። ባለ ምግብ ቤቱ ምግቡን ወስዶ ልኩን ጥሎታል።

በአሜሪካ አገር በኒውዮርክ ከተማ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአገሩ ሁሉ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ በዝርዝሩ ላይ እንዲጽፉ በሕግ ተገደዋል። የአገሩ ሕግ የሚይዘው 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸውን ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው ወገኖቻችን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ግን በአብዛኛው የአንድ ቤተሰብ ንብረት ስለ ሆኑ ሕጉ አይነካቸውም። ስለዚህ እዚያም ያለው ወጣት እንደኛው ራሱ መጠየቅ አለበት። ሕግ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሆድ የለምና።

አሁን ወደ ሁለተኛው በር ልለፍ፤ እርሱም የመሥሪያ ቤት ኢሜይል የገባበት የእጅ ስልክ ነው።

ኢሜይል በራሱ መልካም ፈጠራ ነው። ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1971 እ.ኤ.አ. ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ መልእክት ሲልክ፣ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የሚለየውን ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን ምልክት የመረጠው እርሱ ነው። ደብዳቤ ትልቅ በጎነት አለው፤ ይጠብቃል። ጻፊው በጊዜው ይጽፋል፣ ተቀባዩ በጊዜው ያነባል፣ አስቦም ይመልሳል። ለብዙ ዓመታት ኢሜይልም እንዲሁ ነበር፤ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኛውም ወደ እርሱ ይሄዳል። ወደ ኪስ ከገባና ደወል ከተሰጠው ወዲህ ግን ደብዳቤነቱ ቀርቶ ጥሪ ሆነ። ዛሬ ደብዳቤው ወደ ሰውየው ይሄዳል፤ እስከ ማዕድ፣ እስከ አልጋ፣ እስከ ለቅሶ ቤት ድረስ።

ይህን ደወል በስልኩ ላይ የሰቀለው ማነው? ራሱ ወጣቱ ነው። ብዙ ጊዜም ማንም ሳያዝዘው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸ ነው። አዲስ የተቀጠረ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ትጉ መስሎ ለመታየት በምሳ ሰዓት፣ በምግብ ቤቱ ክፍት ዋይፋይ፣ በሁለት ጉርሻ መካከል የቢሮውን አድራሻ በስልኩ ይመዘግባል። አድራሻውን ይጽፋል፤ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ በተከታታይ የሚመጡትን ጥያቄዎች ሳያነብ «እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በእነዚያ ሦስት «እስማማለሁ»ዎች ውስጥ ምን እንደ ፈረመ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ደብዳቤው የት እንደሚኖር ወስኗል። ኢማፕ በተባለው መንገድ ቢያገናኘው፣ ደብዳቤው በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ይኖራል፤ ስልኩ እንደ መስተዋት ያሳየዋል እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ በስልክ የተሰረዘው በቢሮም ይሰረዛል። ፖፕ በተባለው የቀድሞ መንገድ ቢያገናኘው ግን፣ ደብዳቤው ወደ ስልኩ ይወርዳል፤ ቅጂው በሰርቨሩ ይቅር ካልተባለ ከዚያ ሊጠፋ ይችላል። ስልኩ በታክሲ ውስጥ ቢወድቅ የቢሮው መዝገብ አብሮ ወደቀ ማለት ነው። ደግሞም መንገዱ በምስጢር የተዘጋ መሆን አለበት። ኢማፕ እንዲህ ተዘግቶ ሲገባ የሚጠቀምበት በር ቍጥሩ 993 ነው። «ምስጢራዊ ግንኙነት» የሚለውን ምልክት ሳይነካ ያለፈ ሰው፣ የይለፍ ቃሉን በዚያ ምግብ ቤት ለሚቀመጥ ሁሉ ጮኾ እንደ ነገረ ይቈጠራል።

ሁለተኛ፣ የስልኩን ቁልፍ አስረክቧል። ይህን ብዙዎች አያውቁም። ኤክስቼንጅ በተባለው መንገድ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ አካውንቱ ወደ ስልኩ ሲገባ፣ ስልኩ በይለፍ ቍጥር እንዲዘጋ ማስገደድ፣ ሲያስፈልግም በሩቅ ሆነው በስልኩ ላይ ያለውን መደምሰስ የሚያስችል ሥልጣን ይጠይቃሉ። እንደ አገናኘው ዓይነት፣ የሚደመሰሰው የሥራው ደብዳቤ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ በሙሉም ሊሆን ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ይህን የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ምስጢር ይወጣል። ነገር ግን ፈራሚው ማወቅ ነበረበት። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን በለቀቀ ማግስት ስልኩ ባዶ ሆኖ አገኘው። የሞተችው እናቱ ድምፅ የተቀዳው በዚያ ስልክ ላይ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ኮምፒዩተር ክፍሉ «ራስህ ተስማምተሃል» ብሎ መለሰለት። መልሱ ርኅራኄ የለውም፤ ግን ሐሰት አልነበረም። እኔም ያን ቀን ከእርሱ ጋር ተቀምጬ የምለው አጣሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንዱ ምክንያት ያ ቀን ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ደወሉ ወስኗል። ስልኩ ደብዳቤ በመጣ ቍጥር ወዲያው እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል፤ በየሰዓቱ ብቻ እንዲያመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ባለቤቱ ራሱ ሲከፍተው ብቻ እንዲያመጣ ማድረግም ይቻላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሥራ ክፍልን ከግል ክፍል ለይቶ የሚያኖር ዝግጅት አለ፤ መሥሪያ ቤቱ ካዘጋጀው፣ ማታ በአንድ ንክኪ ሊያሳርፉት ይቻላል። በአይፎንም እንዲሁ የሥራ ማሳወቂያ በተወሰነ ሰዓት ዝም እንዲል ይደረጋል። ይህ ሁሉ መሣሪያ በእጁ እያለ፣ «ስልኬ እረፍት ነሳኝ» የሚል ወጣት፣ በሩን ራሱ ከፍቶ «ነፋስ ገባብኝ» የሚል ሰውን ይመስላል።

እንግዲህ ሁለቱ ጥፋቶች እንዴት አንድ እንደ ሆኑ ተመልከቱ። በምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ በስልኩ ላይ በትልቁ የተጻፈው «እስማማለሁ» ብቻ ነው። በሁለቱም ቦታ የሚጎዳው ነገር በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ ወይም አልተጻፈም። በሁለቱም ቦታ ሻጩ በጠያቂው ዝምታ ያተርፋል። አንዱ ሌላውን ደግሞ ይረዳዋል፤ አሳቡ ተከፍሎ የሚበላ ሰው በዚያ ማዕድም ከዚያም በኋላ አብዝቶ እንደሚበላ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች በሙከራ አሳይተዋልና። ስልኩ ለባለ ምግብ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱም ለስልኩ ይሠራል ማለት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ።

በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ ሥርዓት ነበር። ማዕድ የሚባርከው ልጅ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ በስሙ እየጠራ ማመስገን ነበረበት፦ ስለ እንጀራው፣ ስለ ምስሩ፣ ስለ ውኃው። ስሙን የማያውቀውን ነገር ያመሰገነ ልጅ እንደገና እንዲጀምር ይደረግ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ ይመስለን ነበር፤ ወጡም ይቀዘቅዝብን ነበር። ዛሬ ግን ትርጕሙ ገብቶኛል። የማታውቀውን ነገር ማመስገንም ሆነ መቀበል አትችልም፤ ትውጠዋለህ እንጂ።

አሁን ተቃዋሚዎቼን ልስማ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለምና።

አንዱ «ደመወዛችን ትንሽ ነው፤ ድሃ መምረጥ አይችልም» ይላል። ስለ ኑሮ ውድነቱ እውነቱን ነው፤ ጡረተኛም ይህን ያውቀዋል። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ የጠየቅሁት ውድ ነገር እንዲበላ አይደለም። ሽሮ ከጥብስ ርካሽ ነው፤ ውኃ ከለስላሳ ርካሽ ነው፤ «ዘይቱን ቀንሺልኝ» ማለት ዋጋ የለውም፤ ከቤት በምሳ ዕቃ ይዞ መምጣት ደግሞ ከሁሉ ይረክሳል። በምሳ ዕቃ የሚያፍር ወጣት እንዳለ አውቃለሁ። የሚያሳፍረው ግን በብድር ክትፎ መብላት ነው።

ሁለተኛው «በሌሊት ለተጻፈልኝ ካልመለስኩ ሥራዬን አጣለሁ» ይላል። ይህ የሚከብድ ክርክር ነው፤ እኔም ማንንም በአለቃው ላይ እንዲያምፅ አልመክርም። ነገር ግን የአገሩን ሕግ እንወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይከለክላል። ለትርፍ ሰዓቱ የሚከፈለው ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይያዙም። እንግዲህ በማታ የሚጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ሲመችህ ተመልከተው» ተብሎ የሚጻፈው ለምንድን ነው? ትርፍ ሰዓት የሚታሰበው አሠሪው በግልጽ ሲያዝዝ ስለ ሆነ ነው። ያልታዘዘ ሥራ አይከፈልበትም፤ ያልተከፈለበትም ሥራ አይቈጠርም። ትሕትና የመሰለው ቃል እንዲህ ከኪስህ ገንዘብ ያወጣል።

በሌሎች አገሮች ይህን ሕግ አውጪዎች አይተውታል። በፈረንሳይ ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 50 ሰውና ከዚያ በላይ ያላቸው ድርጅቶች፣ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ከመገናኛው የሚለይበትን መብት ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ታዝዘዋል። በአውስትራሊያም ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሠራተኛ ከሰዓቱ ውጪ ለመጣ መልእክት ያለ በቂ ምክንያት እንዲመልስ አይገደድም። እነዚህ አገሮች ሰነፎች ስለ ሆኑ ይህን አላደረጉም። ያላረፈ ራስ መልካም ሥራ እንደማይሠራ ስለ ተረዱ ነው።

ሦስተኛው «ጊዜው ነው፤ ምን ይደረጋል» ይላል። ይህ ክርክር ሳይሆን የክርክር ማምለጫ ነው። ጊዜ ዝርዝር አያዝዝም፤ ጊዜ «እስማማለሁ» የሚለውን አይነካም። የሚነካው የሰው ጣት ነው።

አሠሪዎችም ይህን ሰምተው አይለፉ። አለቃ ሆይ፣ ደብዳቤህን በሌሊት መጻፍ ከወደድክ ጻፍ፤ ግን ጠዋት እንዲሄድ አድርገህ አስቀምጠው፤ መሣሪያው ይህን ይችላል። ለአስቸኳይ ነገር ስልክ ደውል፤ ያን ጊዜ አስቸኳይ መሆኑ ይታወቃል። የሠራተኛህን የግል ስልክ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ከፈለግህ፣ የምትደመስሰውን ነገር አስቀድመህ በግልጽ በአማርኛ ንገረው፤ የኢንተርኔቱንም ዋጋ ክፈል። የሰው ስልክ ውስጥ የልጁ ፎቶግራፍ አለ፤ ያንተ መጋዘን አይደለም።

ለወጣቶች የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ከወንበርህ ሳትነሣ ልትፈጽመው ትችላለህ።

ምግብ ከማዘዝህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ በምን ዘይት ተሠራ? ጨውና ዘይት ሊቀነስልኝ ይችላል? ጎመን ወይም ሰላጣ አለ? አስተናጋጇን በትሕትና ጠይቃት፤ «እኅቴ» በላት፤ እርሷ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ሠራተኛ ናት እንጂ ተከሳሽ አይደለችም። አንድ ሰው ሲጠይቅ ቅብጥብጥ ይባላል፤ አሥር ሰው ሲጠይቅ ግን ባለ ምግብ ቤቱ ዘይቱን ይለውጣል።

የቢሮ ኢሜይል በስልክህ ከማስገባትህ በፊትም ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ይህን ማድረግ ግዴታዬ ነው ወይስ ፈቃዴ? መሥሪያ ቤቱ ከስልኬ ምን ሊያይ፣ ምን ሊደመስስ ይችላል? በስንት ሰዓት እንድመልስ ይጠበቅብኛል? መልሱን ካገኘህ በኋላ ቤትህ ወይም ቢሮህ ተቀምጠህ፣ የታመነ መረብ ይዘህ፣ እያነበብክ አስገባው። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍህንና የምትወደውን ድምፅ በሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጥ። ለቢሮው የተለየ የይለፍ ቃል ይኑርህ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫውንም አብራው። የደብዳቤው ጽሑፍ በተዘጋው ስልክ ፊት ላይ እንዳይታይ አድርግ፤ በትሪው ዙሪያ ያሉት ሁሉ የመሥሪያ ቤትህ ባልደረቦች አይደሉምና። በመጨረሻም በምሳና በማታ ሰዓት ደወሉን ዝም አሰኘው።

ከሁሉ በላይ ግን ማዕድን አክብሩ። በአገራችን ጉርሻ የሚሰጥ ሰው የሚያጎርሰውን ሰው ዐይን ያያል። ዐይኑ በስልክ ላይ ያለ ሰው ማጉረስም መጉረስም አይችልም። ልጅ አባቱን የሚያውቀው በማዕድ ላይ ነው፤ ባልንጀራ የባልንጀራውን ችግር ፊቱን አይቶ የሚረዳው በማዕድ ላይ ነው። ያ ሰዓት ለአለቃ ከተሸጠ፣ የተሸጠበት ዋጋ በየትኛውም የደመወዝ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ስለዚህ፣ ልጆቼ፣ አፋችሁንም አሳባችሁንም ለሚያንኳኳ ሁሉ አትክፈቱ። ማነህ በሉት፤ ከየት መጣህ በሉት፤ ምን ይዘሃል በሉት። መልካም የሆነው ነገር ቢጠየቅ አይቈጣም። ሳይጠየቅ መግባት የሚወደው የሚደብቀው ነገር ያለው ነው።